ከ«ፒ» አልወጣ ያለ መኪና፦ ከመታገል በፊት መመርመር

በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ዙሪያ ለሚገኙ አጥቢያዎች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ሾፌሮች የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ከውጭ ሲታይ ትንሽ ነው። አውቶማቲክ መኪና ሾፌሩ ተቀምጦ፣ ተሳፋሪው ተሳፍሮ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ የማርሹ እጀታ «ፒ» ከምንለው የማቆሚያ ቦታ አልወጣም ሲል ምን ይደረጋል? ጥያቄው ለመካኒክ ብቻ የሚተው ይመስላል። ነገር ግን ይህ ችግር የሚደርሰው በጋራዥ ውስጥ አይደለም። የሚደርሰው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ በዳገት ጫፍ፣ ሕመምተኛ ተጭኖ ወይም ምእመናን በዙሪያው ቆመው ሳለ ነው። በዚያች ሰዓት መካኒክ የለም፤ ያለነው እኛ ነን።

የምንኖርበትም ስፍራ ነገሩን ያከብደዋል። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ከመገናኛና ከኮተቤ ወደ ሰሜን የሚወጡት መንገዶች፣ ወደ ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል የሚወስደው አቀበት፣ ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ቅዱስ ራጉኤል የሚያደርሰው ጠመዝማዛ ጎዳና ሁሉ መኪና ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያድርባቸው አይደሉም። መስከረም 1 ቀን በእንጦጦ ቅዱስ ራጉኤል፣ ኅዳር 12 ቀን በየካ ቅዱስ ሚካኤል መኪኖች በዳገቱ ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ በመካከላቸው አረጋውያንና ሕፃናት ሲተላለፉ ሁላችንም እናያለን። አብዛኞቹ ሾፌሮቻችን ደግሞ መንዳት የተማሩት ፍሪሲዮን ባለው መኪና ነው። አውቶማቲኩ ከጊዜ በኋላ እጃቸው የገባ ስለ ሆነ ጠባዩን በቅጡ አልተማሩትም።

ስለዚህ ዛሬ ይዛችሁ እንድትመለሱ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። እጀታው እምቢ ሲል አብዛኛውን ጊዜ መኪናው የሚጠብቀው ምልክት አልደረሰውም፤ ወይም ክብደቱ ያለ ቦታው አርፏል። የጎደለውን ሳንመረምር ብናስገድደው ጥቂት ብር የሚፈታውን ብልሽት ትልቅ እናደርገዋለን፤ በዳገት ላይ ከሆነም የሰው ሕይወት ለአደጋ እናጋልጣለን።

መቆለፊያው ምንድን ነው?

በ«ፒ» ላይ የቆመ መኪና ሁለት መቆለፊያዎች አሉት፤ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የምርመራው መሠረት ነው።

የመጀመሪያው በካምቢዮው ውስጥ ያለ ነው። እጀታው ወደ «ፒ» ሲገባ አንዲት የብረት ጥርስ ዙሪያው ጥርስ ባለው መዘውር ውስጥ ትገባና የሚነዱት ጎማዎች እንዳይዞሩ ታደርጋለች። የእጅ ፍሬን ባልተያዘበት መኪና ላይ ሙሉው ክብደት የሚያርፈው በዚህች ከጣት ብዙ በማትበልጥ ብረት ላይ ነው። እስቲ እናስላው፤ አንዲት ትንሽ ቪትዝ ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ስትቆም ወደ ታች የሚስባት ኃይል ወደ 100 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ሰው የጫነ ሚኒባስ፣ ከዚህም በባሰ ዳገት ላይ ሲቆም፣ ኃይሉ በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ሁለተኛው መቆለፊያ በእጀታው ሥር ያለው ነው። ይህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን መካኒኮች ሶሌኖይድ ይሉታል። ሾፌሩ የፍሬን ፔዳሉን ሲረግጥ በፔዳሉ ራስ ላይ ያለች ማብሪያ ማጥፊያ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ከኋላ የፍሬን መብራቱን ታበራለች፣ ለመቆለፊያውም «ሾፌሩ ፍሬን ይዟል» የሚል ምልክት ትልካለች። ያን ጊዜ መቆለፊያው ይለቅቃል። በብዙዎቹ መኪኖች ምልክቱ ከአንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ስለሚነሣ የፍሬን መብራት ለምርመራችን የመጀመሪያው ምስክር ይሆናል።

ይህ መቆለፊያ ሾፌርን ለማስቸገር የተሠራ አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አንዳንድ አውቶማቲክ መኪኖች፣ በተለይም አውዲ 5000 የተባለው፣ ማርሽ እንደ ገባ በድንገት ይፈተለካሉ የሚል ትልቅ ክስ ተነሥቶ ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጥናት የአብዛኛው አደጋ ምክንያት ሾፌሩ ፍሬን የረገጠ እየመሰለው ነዳጅ መስጫውን መርገጡ መሆኑን አመለከተ። ፍሬን ሳይረገጥ ከ«ፒ» እንዳይወጣ የሚያደርገው መቆለፊያ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው። በኋላም አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን በገዛ ቤቱ ደጃፍ ወደ ኋላ በሚሄድ መኪና ከሞተ በኋላ በስሙ የተሰየመ ሕግ ወጣ፤ በዚያም ሕግ መሠረት ከመስከረም 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡ አነስተኛ አውቶማቲክ መኪኖች ሁሉ ይህን መቆለፊያ እንዲይዙ ታዘዘ። ስለዚህ እጀታው እምቢ ሲለን እምቢታው በመኪናው ዙሪያ የቆሙትን ሰዎች ለመጠበቅ የተሠራ መሆኑን እናስታውስ።

ከመኪናው በፊት ስፍራውን ማየት

ምርመራው የሚጀምረው ከመኪናው ውጭ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ከሆነ ማንም ሰው በቁልቁለቱ በኩል አይቁም። የእጅ ፍሬኑ አጥብቆ ይያዝ። ከዚያም በቁልቁለቱ በኩል ከሁለት ጎማዎች ሥር ታኮ ይግባ። ታኮ ከሌለ ትልቅና የማይንከባለል ድንጋይ ይበቃል፤ ክብ ድንጋይ ግን ታኮ አይሆንም። ተሳፋሪዎች ይውረዱ፤ ሕፃናትም ይራቁ።

እዚህ ላይ ደጋግመን ያየነውን እንናገር። መኪናው እምቢ ሲል ሰው ይሰበሰባል። አንድ አባት በርኅራኄ «ልጄ፣ በርታና በኃይል ሳበው እንጂ» ይላሉ፤ ሾፌሩም «እሺ አባቴ» ብሎ በሁለት እጁ ይታገላል፤ ወጣቶች ደግሞ ለመርዳት ከኋላ ተደርድረው ይገፋሉ። ሁሉም በቅን ልብ ነው። ነገር ግን እጀታው በዚያች ቅጽበት ቢለቅቅ ከኋላ የቆሙት ወጣቶች የመኪናው ታኮ ሆኑ ማለት ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከካህናቱ ወይም ከኮሚቴው አንዱ «ልጆቼ፣ ከኋላ ራቁ» የሚለውን ቃል ቢናገር፣ ያ ቃል ከመግፋቱ ይልቅ ታላቅ እርዳታ ነው።

በቅደም ተከተል መመርመር

አንደኛ፣ ቁልፉ። ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ተዙሮ የዳሽቦርዱ መብራቶች መብራታቸው ይታይ። በአዝራር በሚነሡት መኪኖች ደግሞ ፍሬን ሳይረገጥ አዝራሩ ቢጫን ሬዲዮውና መብራቱ ብቻ ይሠራሉ፤ ሞተሩ አይነሣም፣ እጀታውም አይለቅቅም። መሪው ተቆልፎ ቁልፉ አልዞር ካለ መሪውን ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ እያነቃነቁ ቁልፉን ማዞር ነው።

ሁለተኛ፣ እግራችን። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ ደጋግሞ ከተረገጠ ይደነድናል፤ በለስላሳው መርገጥ የለመደ እግርም ማብሪያ ማጥፊያዋን ሳያነቃ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ፔዳሉ አጥብቆ ይረገጥ። ከፔዳሉ ሥር የተጠቀለለ ምንጣፍ ወይም የገባ የውኃ ጠርሙስ መኖር አለመኖሩም ይታይ፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ባትሪው። የዳሽቦርዱ መብራት ደብዝዞ፣ ጡሩምባውም ድምፁ ከሳሳ መቆለፊያውን የሚያንቀሳቅስ ኃይል የለም ማለት ነው። ሙሉ የሆነ ባትሪ መኪናው ጠፍቶ ሲለካ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ከ12 ቮልት በታች ከወረደ ሊያልቅ ተቃርቧል። የእንጦጦ ሌሊት ብርድ የደከመ ባትሪን ይበልጥ ያደክመዋል። ከሌላ መኪና ባትሪ ጋር በኬብል አገናኝቶ መሞከር ይገባል።

አራተኛ፣ የፍሬን መብራቱ። አንድ ሰው በመኪናው ጎን፣ ከኋላው ሳይሆን ከዳር ቆሞ ይመልከት፤ ሾፌሩም ፍሬኑን ይርገጥ። ምርመራው እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ይይዛል።

መብራቱ ፈጽሞ ካልበራ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከፊውዙ ወይም ከፔዳሉ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። በፊውዝ ሣጥኑ ክዳን ላይ «ስቶፕ» የሚል የተጻፈበትን ፊውዝ አውጥቶ ማየት፣ ውስጡ ያለው ቀጭን ብረት ተበጥሶ ከሆነ በዚያው አምፔር መተካት ነው። 10 የተጻፈበት በ10፣ 15 የተጻፈበት በ15 ይተካል። በፊውዝ ፋንታ የሽቦ ቁራጭ ማስገባት ግን ሽቦውን ሁሉ አግሎ መኪናውን እስከማቃጠል ያደርሳል። አዲሱም ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ የተገናኘ ሽቦ አለና የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይፈልጋል። ፊውዙ ደኅና ከሆነ የፔዳሉ ማብሪያ ማጥፊያ ይፈተሽ፤ በዋጋዋ ትንሽ፣ በሥራዋ ግን ትልቅ ናት።

ተቃራኒውም አለ። በፔዳሉ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የጎማ መደገፊያ አርጅታ ስትሰበር ማብሪያ ማጥፊያዋ ሳትነካ ትቀራለች፤ የፍሬን መብራቱም መኪናው ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ያድራል። ጠዋት ባትሪው ያልቅና እጀታው እምቢ ይላል። ሾፌሩ ባትሪ ቢገዛም ችግሩ በሳምንቱ ይመለሳል። ማታ መኪናውን ቆልፎ ሲሄድ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ መብራቱን የሚያይ ዘበኛ የባትሪ ዋጋ ያድናል።

መብራቱ በደኅና ከበራ ግን ምልክቱ ከፔዳሉ ተነሥቷልና ወደ እጀታው እንሄዳለን። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ በርቶ፣ በጸጥታ ፍሬኑን ስንረግጥ ከእጀታው ሥር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማ እንደ ሆነ ጆሮ መስጠት ነው። ድምፅ ከሌለ ሶሌኖይዱ ወይም ወደ እርሱ የሚሄደው ሽቦ ታውኳል፤ በእጀታው አጠገብ የፈሰሰ ለስላሳ መጠጥና የተከማቸ አቧራ እንኳ ለዚህ ምክንያት ይሆናሉ። ድምፁ እየተሰማ እጀታው ካልተንቀሳቀሰ ግን ወደ አምስተኛው እናልፋለን።

አምስተኛ፣ ዳገቱ። ሾፌሩ መኪናውን ዳገት ላይ አቁሞ የእጅ ፍሬን ሳይዝ በ«ፒ» ላይ ብቻ ትቶት ከሄደ ክብደቱ ሁሉ በዚያች የብረት ጥርስ ላይ ተጭኖ ያድራል። ጥርሷ በመዘውሩ ተጣብቃ ስለምትያዝ እጀታው ይደነድናል፤ በኃይል ሲለቅቅም «ጓ» የሚል ድምፅ ያሰማል። መፍትሔው ክብደቱን ከጥርሷ ላይ ማንሣት ነው። ሾፌሩ ተቀምጦ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ፍሬን ለመርገጥ ተዘጋጅቶ ሳለ ሌላ መኪና በጠንካራ ገመድ ወደ ዳገቱ አቅጣጫ በትንሹ ይሳበው፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ያን ጊዜ ሾፌሩ ፍሬኑን አጥብቆ ይርገጥና እጀታውን ያንቀሳቅስ። በገመዱ አጠገብም ሆነ በቁልቁለቱ በኩል ሰው አይቁም።

ስድስተኛ፣ እጀታው ወደ «ዲ» ሄዶ መኪናው ግን ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም የዳሽቦርዱ ፊደል «ፒ» እንዳለ ከቀረ፣ እጀታውን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ኬብል ተፈትቷል ወይም ተበጥሷል። ይህ ከመኪናው ሥር የሚያስገባ ሥራ ነውና በዳገት ላይ አይሞከርም። ከሚነዱት ጎማዎች አንዱ በክሪክ ከተነሣ «ፒ» መኪናውን እንደማይዝም እንወቅ፤ የተነሣው ጎማ በነፃ ስለሚዞር መሬት ላይ ያለው ሊንከባለል ይችላል። በዚህ ምክንያት ከመኪና ሥር የገባ ሰው በታኮ እንጂ በ«ፒ» አይታመን።

የድንገተኛ መክፈቻው

ብዙ መኪኖች፣ በተለይም በከተማችን የበዙት ቶዮታዎች፣ በእጀታው አጠገብ የመቆለፊያውን ማለፊያ ይዘዋል። በአንዳንዱ ትንሽ አዝራር ነው፤ በሌላው በትንሽ ክዳን የተሸፈነ ቀዳዳ ነው። ቦታው በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ታኮ ይገባል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ የእግር ፍሬን አጥብቆ ይረገጣል። ክዳኑ በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ውስጡ ያለው ተጭኖ ሳለ እጀታው ወደ ዜሮ ማርሽ፣ ማለትም ወደ «ኤን» ይመጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ከሆነ በዚያው በ«ኤን» ላይ ይነሣል። ታኮው የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሾፌሩ እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሣ ነው።

አሁን ግን በጥንቃቄ አስተውሉ። ይህ መክፈቻ መኪናውን ከቆመበት ያነሣዋል እንጂ አይጠግነውም። እጀታው እምቢ ያለው የፍሬን መብራት ማብሪያ ማጥፊያዋ ስለ ተበላሸች ከሆነ መኪናው አሁን የሚሄደው ያለ ፍሬን መብራት ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወይም ከየካ ኮረብታ ወደ ኮተቤ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ከኋላ የሚመጣው አውቶቡስ የፊተኛው መኪና ፍሬን መያዙን የሚያውቀው በዚያ መብራት ነው። ስለዚህ መብራት የሌለው መኪና ከአደገኛ ቦታ እስኪወጣ ብቻ ይንቀሳቀስ፤ ከዚያ በኋላ ጠጋኙ ወደ እርሱ ይምጣ ወይም ተጭኖ ይሂድ። በካቻቢቴ እየከፈቱ ወር ሙሉ መንዳት ብልሃት ቢመስልም የደኅንነትን ዘበኛ ማሰናበት ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየአጥቢያው ደጃፍ መታየት ጀምሯል። በእነዚህ መኪኖች እጀታው ብዙ ጊዜ አዝራር ወይም ትንሽ መዘውር ብቻ ነው፤ «ፒ»ን የሚያስገባውና የሚያወጣው ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩን የሚያነቃው ግን ትልቁ ባትሪ ሳይሆን እንደ ሌላው መኪና ያለው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ ትንሹ ቢያልቅ መኪናው በሩን እንኳ ላይከፍት፣ ከ«ፒ»ም ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ በቅድሚያ ትንሹ ባትሪ ይታይ። ብርቱካናማ ሽፋን ያለውን ወፍራም ሽቦ ግን ያልሠለጠነ ሰው አይንካው፤ ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍበት ነው። እንዲህ ያለው መኪና የሚነዱት ጎማዎቹ መሬት እየነኩ አይጎተትም፤ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ይሄዳል።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ይህን ሁሉ ለሾፌሩ ብቻ ጥለን ከወጣን ንግግራችን ግማሽ ይሆናል። የቤተ ክርስቲያን ንብረት ጥበቃ የሰበካ ጉባኤው አደራ ነውና አራት ነገሮችን እንድትወስኑ በትሕትና እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ፣ የአቋቋም ሥርዓት ይኑር። በዳገት ላይ መኪናው በእግር ፍሬን ይቁም፤ እጀታው ወደ «ኤን» ይምጣ፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ሾፌሩም እግሩን ቀስ ብሎ አንሥቶ ክብደቱ በእጅ ፍሬኑ ላይ እንዲያርፍ ያድርግ፤ እንደገና ፍሬን ረግጦ ወደ «ፒ» ያስገባ። የፊት ጎማውም መኪናው ቢንከባለል ወደ መንገዱ ጠርዝ እንዲያዘነብል ተደርጎ ይዙር። ይህ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ በዳገት ምክንያት የሚመጣውንም የእጀታ መደንደን ያስቀራል።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ ሁለት የእንጨት ታኮ፣ የባትሪ ኬብል፣ ጠንካራ ገመድ፣ ካቻቢቴና የተለያየ አምፔር ያላቸው ፊውዞች ይኑሩ። ታኮውን የአጥቢያው አናጢ ከተራረፈ ባሕር ዛፍ ያበጀዋል።

ሦስተኛ፣ በመኪናው ውስጥ አንድ መዝገብ ይቀመጥ። እጀታው እምቢ ያለበት ቀን፣ ቦታው ዳገት ነው ወይስ ሜዳ፣ የፍሬን መብራቱ በርቷል ወይስ አልበራም፣ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ ተሰምቷል ወይስ አልተሰማም ተብሎ ይጻፍ። ይህን ይዞ ወደ ጋራዥ የሚሄድ ኮሚቴ ለማያስፈልግ ዕቃ አይከፍልም፤ ጠጋኙም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

አራተኛ፣ ለትንሽ ጥገና የሚሆን ገንዘብ ሾፌሩ በቶሎ የሚያገኘው ይሁን። ለአንዲት ማብሪያ ማጥፊያ የሦስት ፊርማ ወረቀት ሲዞር ሳምንት ካለፈ ሾፌሩ በካቻቢቴ እየከፈተ ለመንዳት ይገደዳል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የሾፌሩ ብቻ አይሆንም፤ ያዘገየነውም ተካፋዮች እንሆናለን።

ክቡራን አባቶችና ወንድሞች፤ በሚቀጥለው ክብረ በዓል መኪኖቻችን ዳገቱ ላይ ሲቆሙ በየጎማው ሥር ታኮ፣ በየመኪናው ኋላ የሚበራ የፍሬን መብራት እንድናይ እንሻለን። ታኮ የሌለው አጥቢያ ካለ ከዚህ ጉባኤ በኋላ ያነጋግረን፤ ልኩን አሳይተን አብረን እናሠራለን። 

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።